ጥርስ ይዞ የተወለደ ሕፃን፣ የተጣበቀ ጥርስና ሌሎች የወላጆች ጥያቄዎች

ከጅማና ከአካባቢዋ ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል ስለ ልጆች ጥርስ አፈጣጠር የሚጠይቁትን አምስቱን መርጠናል። አንዱ ጭራሽ ችግር አይደለም፤ አንዱ ደግሞ ከጥርስ ሐኪም በፊት የሕፃናት ሐኪም ማየት ያለበት ነው።

ከሰርቦ፦ ልጄ ከታች ሁለት ጥርስ ይዞ ተወለደ፤ ዛሬ 12 ቀኑ ነው። አማቴ «ገድ የለውም፣ ቶሎ ይነቀል» ይላሉ። ሲጠባም ያመኛል። ምን ላድርግ?

የገዱን ነገር ይተዉት። እንዲህ ያሉ ጥርሶች ከ10 ዘጠኝ ያህሉ ትርፍ አይደሉም፤ በስድስተኛው ወር ገደማ ሊወጡ የነበሩት የራሱ የወተት ጥርሶች ናቸው፣ ቀድመው ብቅ አሉ እንጂ። ከተነቀሉ ቋሚዎቹ እስኪመጡ፣ ማለትም እስከ 6 እና 7 ዓመቱ፣ ቦታው ባዶ ይቀራል።

የሚወስነው መነቃነቃቸው ነው። የጥርሶቹ ሥር ገና ስላልተሠራ ጥቂት ቢነቃነቁ የሚጠበቅ ነው። በቀጭን ሥጋ ብቻ የተንጠለጠሉ ከሆነ ግን ወልቀው ወደ አየር ቧንቧው እንዳይገቡ ሐኪም ያወጣቸዋል። ከ10 ቀን በታች በሆነ ሕፃን ላይ ደም ቶሎ ላይረጋ ስለሚችል ይህ ሥራ ይዘገያል፤ ልጅዎ ያንን አልፏል። ሆኖም ሲወለድ ደም እንዲረጋ የሚረዳውን የቫይታሚን ኬ መርፌ መወጋቱን የሚያሳየውን ካርድ ይዘው ይሂዱ።

ምላሱን ቀና አድርገው ከሥሩ ይመልከቱ። የጥርሱ ጫፍ እየፋቀው ከቆሰለ ሕፃኑ ጡት መሳብ ይጠላል፣ ክብደቱም ይቀንሳል። ሐኪሙ ስለታሙን ጠርዝ ያለሰልሰዋል፣ ወይም በሙሌት ይሸፍነዋል። ለእርስዎም ሕመም መጀመሪያ የሚታየው አያያዙ ነው፤ የጡቱን ጫፍ ብቻ ሳይሆን ጥቁሩን ክብ ጭምር አፉን ሞልቶ ሲይዝ ምላሱ ጥርሱን ይሸፍነዋል።

ለመንደር ነቃይ ግን አይስጡት። ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው «የወተት ጥርስ ነው» ተብሎ ገና ያልወጣ የክራንቻ እምቡጥ ከድድ ውስጥ የሚቆፈርባቸው ቤቶች ዛሬም አሉ። ከኋላው የተኛው የቋሚ ጥርስ እምቡጥ አብሮ ይጎዳል፤ ከዓመታት በኋላ ተበላሽቶ ይወጣል ወይም ከነጭራሹ አይወጣም። ባልጸዳ መሣሪያ ቴታነስ ሊገባ ይችላል። ተቅማጡም እዚያው አለ፤ እሱን የሚያክመው ጡት፣ ኦአርኤስና ዚንክ ነው።

ከአጋሮ፦ የ3 ዓመት ልጄ አንዱ የታች የፊት ጥርሷ ሰፊ ሆኖ መሐሉ ላይ መስመር አለው። ሁለት ጥርስ ተጣብቆ ነው?

ይቁጠሩት። ሁለቱን ክራንቻዎች ጨምሮ የታች የፊት ጥርሶች 6 መሆን አለባቸው። ሰፊውን አንድ ብለው ቆጥረው 5 ከመጣ ሁለት እምቡጦች ተዋህደዋል ማለት ነው። 6 ከመጣ አንድ እምቡጥ ለሁለት ሊከፈል ጀምሮ ቀርቷል፤ ከትርፍ ጥርስ ጋር ሲዋሃድም ቁጥሩ 6 ስለሚሆን እርግጡን የሚነግረን ራጅ ነው። ምግብ የሚቀረው መስመሩ ላይ ስለሆነ የሚበሰብሰውም እዚያ ነው፤ ጥርስ ሐኪም በቀጭን ሙሌት ይድፈነው። የተዋሃዱ የወተት ጥርሶች ካሏቸው ልጆች አንዳንዶቹ ከሥር አንድ ቋሚ ጥርስ ስለሚጎድላቸው፣ 6 ዓመት ሲሞላት ራጅ ትነሣ።

ከጅማ መርካቶ፦ የልጄ የታች የወተት ጥርስ ሳይወልቅ ከኋላው ሌላ በቀለ።

በ6 ዓመት አካባቢ በብዙ ልጆች የሚታይ ነው። የፊተኛው እየተነቃነቀ ከሆነ ይጠብቁ፤ ሁለት ሦስት ወር አልፎ ንቅንቅ ካላለ ይነቀላል።

ከሂርማታ፦ ከባቱ ከመጣን 2 ዓመት ሆነን። የ9 ዓመት ልጄ ጥርሶች ነጭ መስመርና ቡናማ ጠባሳ አላቸው። ጎረቤቶቼ ቡና ነው ይላሉ።

ጅማ ውስጥ ጥርስ ሲጠቁር መጀመሪያ የሚከሰሰው ቡና ነው። የቡና እድፍ ግን በጥርስ ሐኪም እጥበት ይለቃል፤ ይህ አይለቅም። በስምጥ ሸለቆ፣ በባቱ፣ በመቂና በወንጂ አካባቢ ብዙ የጉድጓድ ውኃ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ከሚለው የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ ያለፈ ፍሎራይድ አለው። የፊት ጥርሶች ነጭ ቅርፊት፣ ማለትም ኢናሜል፣ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስለሆነ ወደ ጅማ መምጣታችሁ የእሷን አይመልሰውም፤ የሚጠቀመው ታናሽ ካላት እሱ ነው። እዚያ የቀሩ ዘመዶች ካሉ ደግሞ ውኃ ማፍላት ፍሎራይዱን እንደማያጠፋ፣ ይልቁንም ውኃው ሲተን እንደሚያወፍረው ይንገሯቸው።

ሐኪም ዘንድ ስትቀርብ ከሌሎች ችግሮች ይለዩላት። የፍሎራይድ ጠባሳ ግራና ቀኙ ይመሳሰላል፣ የወተት ጥርሶችን አብዛኛውን ጊዜ ይምራል። የወተቱም የቋሚውም ጥርስ ሁሉ ቢጫ ሆኖ ቅርፊቱ ከሳሳ፣ ቀዝቃዛም ካስጮኻት፣ ቤተሰብ ውስጥም ካለ፣ አሜሎጀኔሲስ ኢምፐርፌክታ የተባለው የዘር ችግር ይጠረጠራል። ግራጫ ሰማያዊ ወይም ማር መሳይ ሆኖ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ቅርፊቱም የሚሰበር ከሆነ ችግሩ ከቅርፊቱ በታች ያለው የጥርሱ አካል፣ ማለትም ዴንቲን፣ ላይ ነው፤ ያኔ አጥንቷ በቀላሉ ተሰብሮ እንደሆነ፣ የዓይኗም ነጭ ሰማያዊ መሆኑ ይጠየቅ። በእነዚህ በሁለቱ የኋላ ጥርሶች ተፈርፍረው ከማለቃቸው በፊት የብረት ሽፋን ይደረግላቸዋል። ሎሚና አመድ አያስነኳት፤ ሎሚው አሲድ ነው፣ አመዱ ይፍቃል፣ የሚያልቀው ያው የቀረው ቅርፊት ነው።

ከሰቃ፦ ወንድ ልጄ 2 ዓመት ተኩል ሆኖት ያሉት ሁለት ሹል ጥርሶች ብቻ ናቸው። ፀጉሩ ሳስቷል፣ ላብም የለውም፤ ፀሐይ ሲወጣ ያተኩሰዋል።

ቀጠሮ ሳይጠብቁ የሕፃናት ሐኪም ያሳዩት። ምልክቶቹ ተደምረው ኤክቶደርማል ዲስፕላዥያ ወደሚባለው፣ ጥርስ፣ ፀጉርና የላብ ዕጢ አብረው ወደሚጎድሉበት የዘር ችግር ያመለክታሉ። አደገኛው ሙቀቱ ነው። ላብ ስለማያበርደው የሰውነቱ ሙቀት ይጨምራል፤ እንዲህ ያለውን ፓራሲታሞል አያወርደውም። ከፀሐይ ያርቁት፣ ሸሚዙን በውኃ አርሰው ያልብሱት፣ ቶሎ ቶሎ ያጠጡት። ኢንፌክሽንም ሊሆን ስለሚችል፣ ካልበረደ ወዲያው ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ከ3 እስከ 4 ዓመቱ የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሊሠራለት ይችላል፤ መንጋጋው ሲያድግ ስለሚጠበው በየጊዜው ይቀየራል። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ጥርስ ክፍል ሲሄዱ እናቱም አፏን ትታይ፤ ይህ ችግር ብዙ ጊዜ በእናት በኩል ስለሚመጣ አንድ ሁለት የጎደለ ወይም ሹል ጥርስ ሊኖራት ይችላል፣ እሱም ሐኪሙን ይረዳዋል።