ባለቤቴ ያጨሳል፣ የምመረመረው ግን እኔ ነኝ

ጥያቄ፦ ከተጋባን ሦስተኛ ዓመታችን ነው። እኔ 29፣ ባለቤቴ 36። በቀን አንድ ፓኮ ያጨሳል፤ ቅዳሜ ጫት ላይ ሲሆን ደግሞ ቁጥር የለውም። ልጅ እምቢ ብሎናል። እኔ ሁለት ቦታ ታይቼ ምንም የለብሽም ተብያለሁ። አማቴ ጸበል ግቢ እያሉኝ ነው። እሱን ተመርመር ስለው «እኔ ወንድ ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም» ይላል። እውነት ሲጋራ ልጅ ይከለክላል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺ የድርሻሽን ተወጥተሻል። አሁን ተራው የሱ ነው። ባልና ሚስት ያለ መከላከያ አንድ ዓመት ሙሉ ሞክረው እርግዝና ካልመጣ መመርመር ያለባቸው ሁለቱም ናቸው። ልጅ ካጡ ጥንዶች ግማሽ በሚሆኑት ላይ ችግሩ ወይ የወንዱ ብቻ ነው፣ ወይ የወንዱም እጅ አለበት። እንዲያም ሆኖ ሴቷ ብቻዋን ስትንከራተት ዓመታት ያልፋሉ፤ ይሄ ነገር በጣም ያናድደኛል። ጸበሉን አልቃወምም፣ ካመንሽበት ሂጂ። ባልሽ ግን ላቦራቶሪ ይግባ።

«ወንድ ነኝ» ያለውን በተመለከተ፣ አልጋ ላይ ምንም ችግር የሌለበት ሰው ስፐርሙ ደካማ ሊሆን ይችላል። ያለ ማይክሮስኮፕ ማንም አያውቀውም።

ወደ ሲጋራው ስንመጣ፣ የሚያጨስ ሁሉ አይወልድም ማለት አይደለም፤ ሲያጨሱ ኖረው ስድስት ሰባት የወለዱ አባቶች አሉ። ግን የሲጋራ ጭስ ሳንባ ላይ አይቀርም። ኒኮቲኑም፣ ካድሚየም የሚባለው መርዛማ ብረትም በደም አድርጎ ዘር የሚመረትበት ድረስ ይዘልቃል። የስፐርሙ ቁጥር ይቀንሳል፣ የመዋኘት አቅሙ ይደክማል፣ ቅርጹ ይበላሻል፣ ውስጡ ያለው ዲኤንኤም ይጎዳል። ሲጋራ የደም ስርንም ያጠባል፤ ብልት የሚቆመው ደግሞ ደም ሲሞላው ስለሆነ ለረጅም ጊዜ ያጨሰ ሰው ስንፈተ ወሲብ ሊያገኘው ይችላል። ቤት ውስጥ የሚያጨስ ከሆነ አንቺም ጭሱን እየሳብሽ ነው።

ደስ የሚለው ነገር፣ ስፐርም በየጊዜው እንደ አዲስ ይመረታል። ተመርቶ ለመውጣት እስኪደርስ 3 ወር ገደማ ይፈጅበታል። ዛሬ ካቆመ ከ3 ወር በኋላ የሚወጣው ያለ ጭስ ያደገ ነው ማለት ነው። ይሄን ንገሪው፤ «አቁም» ብቻ ከማለት የሚቆጠር ጊዜ መስጠት ይሻላል።

ምርመራው መርፌ የለውም፣ አያምም። ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ይታቀብና ላቦራቶሪው በሚሰጠው ንጹህ ዕቃ የዘር ፈሳሹን ናሙና ያስረክባል። ናሙናውን ቤት ሆኖ ካዘጋጀው እንዳይቀዘቅዝ ሰውነቱ አጠገብ ይዞ በአንድ ሰዓት ውስጥ ማድረስ አለበት። ባለሙያው ስንት እንዳሉ፣ ስንቶቹ በደንብ እንደሚዋኙ፣ ቅርጻቸው ምን እንደሚመስል ያያል። ውጤቱ ደካማ ቢሆን አትደንግጡ፣ በአንድ ምርመራ አይፈረድም፣ ይደገማል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ጫቱ ካለ ሲጋራው አይቀርም። ብዙዎቹ ሳምንቱን ታግሰው ቅዳሜ በርጫ ላይ ነው የሚሸነፉት። ቢያንስ እነዚህን 3 ወራት በርጫውንም ይተወው። «ከ20 ወደ 5 ቀንሻለሁ» ካለሽ አበረታቺው፣ ግን 5 ላይ እንዳይቆም።

ጥያቄ፦ 24 ዓመቴ ነው። ሲጋራ ነክቼ አላውቅም፣ ከጓደኞቼ ጋር ሺሻ ግን አጨሳለሁ። ውሃው ያጣራዋል ይባላል። ወደፊት ለመውለድ ችግር አለው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ውሃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያጣራውም። ስለቀዘቀዘ ጉሮሮሽን አያቃጥልሽም፣ አንቺም በረጅሙ ትስቢዋለሽ። ላዩ ላይ የሚነደው ከሰል ደግሞ የራሱን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጨምርበታል።

የሴት ነገር ከወንድ ይለያል። አንቺ እንቁላሎችሽን በሙሉ ይዘሽ ነው የተወለድሽው፣ ያለቀው አይተካም። ትምባሆ ያንን ያፋጥነዋል፤ ሲጋራ የሚያጨሱ ሴቶች ከማያጨሱት ከ1 እስከ 4 ዓመት ቀድመው ያርጣሉ። የማህፀን ቱቦ ውስጥ እንቁላሉን እየገፉ ወደ ማህፀን የሚያደርሱ ጥቃቅን ጸጉሮች አሉ፤ ጭሱ እነሱን ያደክማል፣ እርግዝናው ቱቦ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ይሄ ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ነው። ነገሩ አይቪኤፍ (እንቁላሉና ስፐርሙ ከሰውነት ውጭ ላቦራቶሪ ውስጥ የሚገናኙበት ሕክምና) ላይ ቢደርስ እንኳ የምታጨስ ሴት በእጥፍ የሚጠጋ ሙከራ ያስፈልጋታል፤ የአንዱን ሙከራ ወጪ የሚያውቅ ያውቀዋል። ገና 24 ነሽ፣ አሁን ብትተዪ የተረፈውን ታተርፊያለሽ።

ጥያቄ፦ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። የምሠራበት ባር ውስጥ ደንበኞች ያጨሳሉ። ምን ላድርግ? (ከአዳማ)

መልስ፦ የሰው ጭስም ሆድሽ ውስጥ ላለው ልጅ ይደርሰዋል፤ ክብደቱ አንሶ እንዲወለድ ሊያደርግ ይችላል። ሕጉ ካንቺ ጋር ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ባርና ሬስቶራንት ውስጥ ማጨስን ይከለክላል። ኃላፊሽን በግልጽ አነጋግሪ፤ እስኪስተካከል ጭስ በሌለበት በኩል እንዲመድቡሽ ጠይቂ። ክትትል በምታደርጊበት ጤና ጣቢያም ለአዋላጇ ንገሪያት፣ የልጁን እድገት በየቀጠሮው እንድታይልሽ።