የሰሞሊና ቂጣ ጎንደር ላይ፦ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ሞሮኮ፣ አልጄሪያና ቱኒዚያ ቂጣዎች ትንሽ ነካ አርጌ ነበር፣ ከዛ በኋላ የመጣው ጥያቄ ግን ከጠበኩት በላይ ሆነ። ሁሉንም ማስተናገድ ስላልቻልኩ ብዙዎቻችሁ የተጋራችሁትን አራቱን መርጫለሁ።

እትዬ እንደምን አሉ? አረብ አገር ስሰራ አሰሪዎቼ አልጄሪያውያን ነበሩና ኬስራ እምትባለዋን ቂጣ በየቀኑ እጋግርላቸው ነበር። እዚህ ተመልሼ በፉርኖ ዱቄት ብሞክረው ደረቅ፣ ለመቁረስ እንኳ እሚያስቸግር ሆነብኝ። እጄ ነው ወይስ ምኑ ነው? ከአዘዞ

እህቴ እጅሽን አትውቀሺ፣ ዱቄቱ ነው። ኬስራ እምትሰራው በሰሞሊና ነው፣ ሰሞሊና ማለት ደግሞ ከፓስታ ስንዴ ተፈጭቶ አሸዋ አሸዋ እሚል ሆኖ የቀረ ፍርክስካሽ ነው እንጂ የላመ ዱቄት አይደለም። ፉርኖ ዱቄት ውሃ ሲነካው ቶሎ ይያያዝና እየተለጠጠ ይሄዳል፣ እሱ ለዳቦ ጥሩ ነው፣ ያለ እርሾ ቂጣ ስታረጊው ግን ያው ያልሽው ይመጣል። የኬስራ ጣዕሟ ስትቆረስ ፍርክስ ማለቷ ነው፣ ለዚህ ሲባል ዘይቱ ከውሃው በፊት ይገባል፣ ዘይቱ እያንዳንዷን ፍሬ ስለሚሸፍናት ሊጡ አይለጠጥም።

አሰራሩን ለሌሎቹም ልናገር። ግማሽ ኪሎ ሰሞሊና ሳፋ ላይ አድርጊ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 100 ሚሊ ሊትር ገደማ ዘይት (እነሱ የወይራ ዘይት ነው እሚጠቀሙት፣ እኛ ጋ ውድ ስለሆነ ያለሽን አርጊ፣ የኑግ ዘይት ግን ጣዕሙ ስለሚያይል አልመክርሽም)፣ ከዛ በሁለት መዳፍሽ እሽት እሽት እያረግሽ ደረቅ ፍሬ እስኪጠፋ አዋህጂው። ጥቁር አዝሙድ ከወደድሽ አሁን ነው እሚገባው፣ እነሱም አምባሻ ላይ እንደምናረገው ይጨምሩበታል። ቀጥሎ ለብ ያለ ውሃ ትንሽ ትንሽ እየጨመርሽ ሰብስቢው፣ ከ200 እስከ 250 ሚሊ ይበቃል፣ ማሸት የለም፣ እደግመዋለሁ ማሸት የለም፣ መሰብሰብ ብቻ። ከዛ ሸፍነሽ ሩብ ሰዓት ተይው። ይቺን ሩብ ሰዓት ብዙ ሰው ይዘላታል፣ ሰሞሊና ግን ውሃውን እሚጠጣው ቀስ ብሎ ነው፣ ሳይጠጣ ከዳመጥሽው ጠርዙ ይሰነጣጠቃል፣ ምጣድ ላይም ይበታተንብሻል። ሁለት ቦታ ከፍለሽ አንድ ሴንቲ ሜትር ውፍረት አርገሽ ዳምጪው፣ በሹካ ውጊው፣ በመካከለኛ እሳት ወፍራም ብረት ምጣድ ላይ አንዱን ፊት ስድስት ሰባት ደቂቃ፣ ገልብጠሽ ሌላውንም እንደዛው፣ መጨረሻ ላይ ቂጣውን በጎኑ አቁመሽ ዙሪያውን እያሽከረከርሽ ጠርዙን አብስይው። ጠርዙ ካልበሰለ ሊጥ ሊጥ ይላል።

የእንጀራ ምጣድሽ ላይ ግን እንዳትጋግሪው፣ አደራ። ዘይት የጠጣ ምጣድ ከዛ በኋላ እንጀራ ያስቸግራል፣ የቆሎ ምጣድ ካለሽ እሱ ይሻላል።

አሁን ሰሞሊናው ከየት ይመጣል እምትይኝ መሰለኝ። ትልልቅ ሱፐርማርኬት ካገኘሽ ጥሩ፣ ካጣሽ ግን እዚሁ ይወጣል፣ እኔ በዚህ በጣም ነው እምከራከረው ምክንያቱም ኢትዮጵያ በፓስታ ስንዴ ዝርያ ብዛት ከዓለም ከታወቁት አገሮች አንዷ ናት፣ ሩሲያዊው የእፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ 1927 ላይ (በፈረንጅ አቆጣጠር) እዚህ ድረስ መጥቶ ስንዴያችንን የሰበሰበው ለዚህ ነው፣ ታዲያ ገበሬያችን እያመረተው እኛ ከውጭ የመጣ ፓኬት ስንፈልግ መዋል የለብንም። ቅዳሜ ገበያ ስትሄጂ ስንዴውን በጥርስሽ ሰበር አርጊው፣ ቀጭ ብሎ ጠንክሮ ከተሰበረና ውስጡ መስታወት መሳይ ከሆነ እሱ ነው፣ ውስጡ ነጭ ሆኖ ዱቄት ዱቄት ካለ የዳቦ ስንዴ ነው ተይው። ከዛ ለቅመሽ ወፍጮ ቤት ውሰጅና ለቅንጬ ከሚሸረከተው ደቀቅ፣ ከዱቄት ሻከር ያለ አርግልኝ በይው። ቤት ስትመለሽ ሰፋ ባለ ወንፊት ነፍተሽ ትልልቁን ለቅንጬ አስቀምጭ፣ የወረደውን ደግሞ በጠባብ ወንፊት ንፊው፣ ዱቄቱ ይወርዳል፣ ላይ የቀረው ሰሞሊናሽ ነው፣ በሰፌድ አበጥሪና ፍሩሽካውን አስወግጅ። እንዲህ በቤት የወጣው ፍሩሽካ ስለማያጣው ከፓኬቱ ትንሽ ይበልጥ ውሃ ይጠጣል፣ እጅሽ ይነግርሻል።

ሰላም እታለም፣ ማራኪ ተከራይቼ እምኖር ተማሪ ነኝ። ማትሉ የሚባለውን እርሾ ያለበትን የአልጄሪያ ቂጣ ከቪዲዮ እያየሁ ልክ እንደሚሉት አንድ ሰዓት አስቀምጠዋለሁ፣ ኩፍ ይላል ግን ምጣድ ላይ ስጥለው ይሟሽሻል። ሚስጥሩ ምንድነው?

ወንድሜ ቪዲዮውን የሰራችው ሴትዮ ምናልባት አልጀርስ ባህር ዳርቻ ናት፣ አንተ ደግሞ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ነህ። ከፍ ያለ ቦታ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ በሊጡ ውስጥ ያለው አየር ቶሎ ይለጠጣል፣ ሊጡ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ደርሶ አልፎ ይሄዳል፣ ያለፈበት ሊጥ ደግሞ ሲነካ ይተነፍሳል። ስለዚህ ደረቅ እርሾውን በሩብ ያህል ቀንስ፣ ሰዓት ማየቱን ትተህ ሊጡን እይ፣ በጣትህ ቀስ ብለህ ጫን ስታረገው ጉድጓዱ ቀስ እያለ ከተመለሰ ደርሷል፣ ጭራሽ ካልተመለሰ አልፏል። ለግማሽ ኪሎ ደቀቅ ያለ ሰሞሊና አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና ስኳር፣ ውሃው 350 ሚሊ ገደማ፣ እሱም ሁሉም ባንዴ አይደለም። ይሄኛው እንደ ኬስራ አይደለም፣ መታሸት ይፈልጋል፣ አስራ አምስት ደቂቃ ያህል ውሃ እያርከፈከፍክ እሸው፣ እጅ ላይ ትንሽ እሚጣበቅ ለስላሳ እስኪሆን። ክብ ክብ አርገህ ጨርቅ ላይ አስተኛውና ሲደርስ ከነጨርቁ አንስተህ ምጣዱ ላይ ገልብጠው፣ በእጅህ ካነሳኸው ይተነፍሳል። ክረምት ላይ ግን ጎንደር ስለሚቀዘቅዝ ይዘገያል፣ ከከሰሉ ራቅ አርገህ ሙቀት ያለበት ቦታ አስቀምጠው። ከሰል ላይ መጋገርም ይቻላል፣ መብራት ቢጠፋ አትጨነቅ፣ ፍሙ ግን አመድ ይልበስ።

አሰላሙ አለይኩም እህታችን። ምሰመን የሚባለውን ንብርብር የሞሮኮ ቂጣ ለኢፍጣር ልሰራ ብዬ ስስ አርጌ ልዘረጋው ስል ይቀደድብኛል። ደግሞ ክርስቲያን ጎረቤቶቼ ጾም ላይ ስለሆኑ ለነሱም ልልክ ፈልጌ ቅቤ የግድ ነው ወይ?

ወአለይኩሙሰላም። እሚቀደደው ሊጡ ስላልረፈ ነው። ምሰመን ግማሽ ሰሞሊና ግማሽ ፉርኖ ዱቄት ነው፣ በደንብ ታሽቶ ድቡልቡል ተደርጎ በዘይት ተቀብቶ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ካልተኛ እጅሽን እየተከተለ አይዘረጋም። ለመዘርጋት መዳመጫ አታምጭ፣ ጠረጴዛውንም እጅሽንም ዘይት ቀቢና ከመሃል ወደ ውጭ በመዳፍሽ ግፊው፣ ፈጢራ እሚሰሩትን ልጆች እጅ አይተሽ ከሆነ እንደዛ ነው። ሲዘረጋ ዘይት ቀብተሽ ሰሞሊና ነስንሽበት፣ ሰሞሊናው ንብርብሩ እንዳይጣበቅ ይለያየዋል፣ ከሁለት ጎን አጥፈሽ እንደገና ከሁለቱ ጎን አጥፈሽ አራት ማዕዘን አርጊው፣ ትንሽ አሳርፈሽ ጠፍጠፍ አርገሽ ጋግሪ። ቅቤ የግድ አይደለም፣ ሞሮኮዎቹ ዘይቱንና ቅቤውን ደባልቀው ነው እሚቀቡት፣ በዘይት ብቻም ያምራል። እሚበላውም በማር ነው። ለጎረቤት ያሰብሽው ነገር ደስ ብሎኛል። ሀርሻ የሚባለውን የሞሮኮ የሰሞሊና ቂጣ ግን ለጾመኛ አትላኪ፣ እሱ ብዙ ጊዜ ወተትና ቅቤ ይገባበታል።

ልጄ፣ ውጭ ያለችው ልጄ መጥታ ባግሪር የሚባል እንጀራ መሳይ ሰርታ አበላችኝ፣ አይኑ ይገርማል። እሷ ሄደች፣ እኔ ብሞክር አይን አላወጣ አለኝ። ምን ላርገው? ከአራዳ

እማማ፣ እርስዎ እንጀራ ስለሚያውቁ ይሄ አያቅትዎትም፣ ሁለት ነገር ብቻ ይለያል። አንደኛ ክዳን የለውም፣ ከፍቶ ነው እሚጋገረው፣ ሁለተኛ ሊጡ ቀናት አይቦካም፣ ደቃቅ ሰሞሊና በለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ፉርኖ ዱቄት፣ እርሾ፣ ጨውና ትንሽ ቤኪንግ ፓውደር ሆኖ በጁስ መፍጫ በደንብ ይመታና ግማሽ ሰዓት ያህል ይቀመጣል፣ ከላዩ አረፋ ሲያወጣ ደርሷል። አይን እምቢ ሲል ብዙ ጊዜ ሊጡ ወፍሮ ነው፣ አረፋው ወጥቶ እሚፈነዳበት መንገድ ያጣል፣ ለብ ያለ ውሃ ጠብ አርገው ያቅጥኑትና አንዷን ለሙከራ ያፍስሱ። መጥበሻው እማይጣበቅ ይሁን፣ እሳቱ መካከለኛ፣ ዘይት አይቀባም። አይኑ ከላይ ሙሉ ወጥቶ እርጥበቱ ሲጠፋ ያውጡት፣ አይገለበጥም። ትኩስ ትኩሱን አንዱን ባንዱ ላይ ከደረቡት ይጣበቃል፣ ጨርቅ ላይ ለየብቻ ዘርግተው ሲቀዘቅዝ ነው እሚደረበው፣ ከዛ ቅቤና ማር አብረው አቅልጠው ከላይ ያፍስሱበት።