አምልኮ መሪዋ ከመድረክ ስትወርድ፦ የ12 እሑድ ዕቅድ

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ባለች አንዲት ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን አምልኮ እመራለሁ፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ መዝሙሩ ከአፌ እንጂ ከልቤ አይወጣም፤ ሰኞ ሰኞ ድምፄ ይዘጋል። ልረፍ ስል የእግዚአብሔርን ሥራ የተውኩ ይመስለኛል። ሥራዬን ለቅቄ ሙዚቃ ልማር ወይስ አገልግሎቱን ላቁም?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱንም አሁን አትወስኚ። ከመድረክ ውረጂ፤ ከጉባኤው ግን አትለዪ። ማረፍ በደል መስሎ ከታየሽ 1ኛ ዜና መዋዕል 25ን አንብቢ። ለዝማሬ የተለዩት 288 ሰዎች በ24 ክፍል፣ በየክፍሉ 12 ሆነው ተራቸው በዕጣ ተመድቦላቸው ነበር። ያለ ተራ ሁልጊዜ ማገልገል ከዚያ ሥርዓት የወጣ ነው።

12 እሑድ ውሰጂ። አንድ ሁለት እሑድ መቅረት አይበቃም፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተቀምጠሽም ቢሆን በሐሳብሽ ቡድኑን እየመራሽ ነውና። ከሐምሌ መጀመሪያ ብትነሺ ይሻላል፤ ተማሪዎች ከዩኒቨርሲቲ ስለሚመለሱ ተተኪ አይጠፋም። የአዲስ ዓመት ዋዜማ ግን መሐል ላይ ይገባል። “ለዚያች ሌሊት ብቻ” ተብሎ ዕረፍቱ የሚፈርሰው እዚያ ላይ ስለሆነ፣ እንደማትመሪ ከወዲሁ ይታወቅ።

ከመውረድሽ 6 ሳምንት በፊት መጋቢውንና ሽማግሌዎቹን በአካል አነጋግሪ፤ ከዚያ አንድ ገጽ ደብዳቤ ስጪ። የሚጀመርበትና የሚያበቃበት ቀን፣ የተተኪዎቹ ስም፣ የማትሠሪው ነገር ሁሉ ይጻፍበት፤ ልምምድ፣ ሠርግ፣ ኮንፈረንስ፣ የሌላ አጥቢያ ግብዣ። የማትሠሪው ካልተጻፈ እሑድ ያረፈው ድምፅ ቅዳሜ ሠርግ ላይ ያልቃል። ተተኪዎቹ ሁለት ይሁኑ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አንድ አንድ መዝሙር፣ ቀጥሎ ግማሹን፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሙሉውን ይምሩ፤ አንቺ ከኋላ ተቀባይ ሁኚ። የመዝሙር ደብተሩን ከነኪዩ (መዝሙሩ ከሚዘመርበት የድምፅ ከፍታ) እና ከነፍጥነቱ አስረክቢ። ከቡድኑ ቴሌግራም ግሩፕም ውጪ፤ እዚያ ከቆየሽ ዓርብ ማታ “ይሄ በስንት ኪይ ነበር?” የሚል ጥያቄ አይቀርልሽም።

አንድ ነገር አደራ፤ ዕረፍትሽን ሽማግሌ ከመድረክ ያስታውቅልሽ። በቤተ ክርስቲያኖቻችን ዘማሪ ከመድረክ ሲጠፋ ሰዉ ቶሎ የሚያስበው “ታግዳለች” ወይም “ተጣልታለች” ነው። “እህታችን እስከ መስከረም ሦስተኛ ሳምንት በስምምነት ዕረፍት ላይ ናት” የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ከብዙ ሐሜት ታድንሻለች።

የመጀመሪያዎቹን አራት እሑዶች ምንም አትጻፊ፤ ዘምሪ፣ ጸልዪ፣ ስብከቱን ስሚ። ከአምስተኛው ጀምሮ ግን ማስታወሻ ይዘሽ ቦታ ቀያይሪ፤ አንዴ ከስፒከሩ አጠገብ፣ አንዴ መሐል፣ አንዴ ከኋላ ከእናቶች ጎን። መድረክ ላይ ሞኒተሩ (ወደ ዘማሪው የዞረው ስፒከር) የራስሽንና የባንዱን ድምፅ ብቻ ስለሚመልስልሽ ጉባኤው ዝም ማለቱን አታውቂም። ከኋላ ግን መቼ እንደሚዘምር፣ መቼ ቆሞ እንደሚያይ በግልጽ ይታያል። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ኪዩ ነው። ተራው ሰው የሚመቸው በግምት ከታችኛው ላ እስከ ላይኛው ሬ ነው፤ ዜማው ከላይኛው ሚ ሲያልፍ ግማሹ ሰው ያንኑ ዜማ አንድ ኦክቴቭ ዝቅ አድርጎ በወፍራም ድምፅ ይዘምራል፣ ሌላው ዝም ይላል። መጨረሻ ላይ “ከፍ እናድርገው” ተብሎ ግማሽ ቶን ሲጨመር ደግሞ ባንዱ ብቻውን ይቀራል። ኪቦርዱን በትራንስፖዝ (ኪይ በሚቀይረው ቁልፍ) ሁለት ግማሽ ቶን ማውረድ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ግጥሙ ስክሪን ላይ የሚቀየረው የፊተኛው ስንኝ ካለቀ በኋላ ከሆነም ሰዉ የሚቀጥለውን ሁልጊዜ ዘግይቶ ይጀምራል፤ የመጨረሻው ቃል ሳያልቅ መቀየር አለበት። በመዝሙሮች መሐል የሚነገረው ማበረታቻ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድም በሰዓት ያዢ። በአንድ እሑድ ስንት አዲስ መዝሙር እንደገባ ቁጠሪ፤ ከአንድ በላይ ከሆነ ሰዉ ሳይለምደው ያልፋል።

ስለ ድምፅሽ፦ ራስን ካለመስማት የተነሳ በጉሮሮ መግፋት አንዱ ዋና ጠንቅ ነው፤ በጸሎት ፕሮግራም መጮህም ከመዘመር አያንስም። አርፈሽም መሻከሩ ከ4 ሳምንት ካለፈ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ይየው። ዝንጅብልና ማር ጉሮሮን ቢያለዝቡም በድምፅ አውታር ላይ የወጣን እብጠት አያጠፉም።

ሥራሽን አትልቀቂ፤ ይህ ዕረፍት ከመሥሪያ ቤትሽ ፈቃድ አይጠይቅም። ልምምድ የነበረበትን ምሽት ለድምፅ ወይም ለኪቦርድ ትምህርት አውዪው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለውን ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትንና የመካነ ኢየሱስን የጃዝ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ስለ ሰዓትና ክፍያ ሄደሽ ጠይቂ። ለአምልኮ መሪ ቋሚ ደመወዝ የሚከፍል አጥቢያ ጥቂት ነው፤ የሙሉ ጊዜ ጥሪ ቢመጣ ደመወዙን፣ ጡረታውንና የዓመት ፈቃዱን በጽሑፍ ሳታዪ እሺ አትበዪ።

ስትመለሺ ሁለት እሑድ ተቀባይ ሁኚ፤ ከዚያ በወር ከሁለት እሑድ በላይ አትምሪ፣ ተተኪዎቹም ተራቸውን ይያዙ። በ10ኛው እሑድ መመለስ ካላማረሽ ግን ለሽማግሌዎቹ በዚያው ሳምንት ንገሪ፤ ቀሪዎቹ ሁለት ሳምንታት ሌላ ሰው ለማዘጋጀት ይሆኗቸዋል።