በረዶ የሚጋግር ኤሲ፦ ጋዝ ከማስሞላት በፊት ምን ይፈተሽ?

በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አንዲት አንባቢ ስለ ቤታቸው ኤሲ ጠይቀዋል። ታውንሃውሳቸው በጋዝ የሚሠራ ፈርነስ፣ ማለትም የቤት ማሞቂያ፣ እና ከእርሱ ጋር የተያያዘ ኤሲ አለው። ባለፈው ጁላይ የላይኛው ፎቅ አልቀዘቅዝ አለ፤ ቤዝመንት ውስጥ ጥቁር ስፖንጅ የለበሰው ወፍራሙ የመዳብ ቧንቧ በረዶ ጋገረ፤ ወለሉም ውኃ ተኛበት። የመጣው ሠራተኛ የማቀዝቀዣ ጋዝ ሞልቶ ሄደ፤ ብዙም ሳይቆይ በረዶው ተመለሰ። አሁን ማሞቂያው የሚጠፋበት ወቅት ስለ ደረሰ፣ ዘንድሮም ጋዝ ማስሞላት ያስፈልግ እንደ ሆነ፣ የፈርነሱን ብሬከር (የኤሌክትሪክ መስመሩን ማጥፊያ) ደግሞ ብርዱ እስኪመለስ አጥፍቶ መተው ይቻል እንደ ሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ።

ከሁለተኛው ልጀምር፤ ብሬከሩን አያጥፉት። ፈርነሱ ውስጥ ያለው ማራገቢያ በብርድ ጊዜ ሙቁን አየር፣ በሙቀት ጊዜ ደግሞ ቀዝቃዛውን አየር ወደ ክፍሎቹ የሚገፋው ያው አንዱ ማራገቢያ ነው። ስለዚህ ፈርነሱ ኤሌክትሪክ ካላገኘ ኤሲውም አይሠራም። ቴርሞስታቱን ከ«ሂት» ወደ «ኩል» ማዞር ብቻ ይበቃል።

የማቀዝቀዣ ጋዝ እንደ መኪና ነዳጅ ተቃጥሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ለዓመታት የሚዞረው ያው ጋዝ ስለ ሆነ፣ በእርግጥ ቀንሶ ከተገኘ አንድ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው፤ የሚያፈስበትን ሳይፈልጉ መሙላት ገንዘብ ማባከን ነው። ይሁንና በረዶ የሚጋግረው ጋዝ ሲያንስ ብቻ አይደለም። ከፈርነሱ አናት ላይ ያለው የማቀዝቀዣ ኮይል፣ ማለትም ጋዙ የሚዞርበትና አየሩን የሚያቀዘቅዘው የቧንቧ ጥቅል፣ በቂ የቤት አየር ካላለፈበት፣ ቅዝቃዜው ከ32 ዲግሪ ፋራናይት በታች ይወርዳል፤ በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበትም እላዩ ላይ ይረጋል። የረጋው በረዶ የቀረውን አየር ይበልጥ ይዘጋል፤ በመጨረሻም እስከ ቧንቧው ይደርሳል። ሲቀልጥ ደግሞ ውኃው ከመያዣው በላይ ሆኖ ወለሉን ያጥለቀልቃል። የእርስዎ ቤት ምልክቶች ሁሉ ከዚህ ጋር ስለሚስማሙ፣ አስቀድሞ መፈተሽ ያለበት አየሩ ነው ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ፊልተሩ፣ ማለትም የአየር ማጣሪያው፣ ነው። አውጥተው ወደ ብርሃን ያንሡት፤ ብርሃን የማያሳልፍ ከሆነ ይቀይሩት፤ አዲሱን ሲያስገቡም በጠርዙ ላይ ያለው ቀስት ወደ ማራገቢያው እንዲያመለክት ያድርጉ። ፊልተሩ ምን ያህል ደቃቅ ብናኝ እንደሚይዝ የሚያሳየው፣ መርቭ የሚባለው ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ፊልተሩ የተሻለ ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ኢንች ብቻ ውፍረት ያለው መርቭ 13 ፊልተር በብዙ ቤት አየሩን ያንቀዋል፤ ከ8 እስከ 11 ያለው ለአብዛኛው ቤተሰብ ይበቃል። ቡና የሚቆላበትና ዕጣን የሚጨስበት ቤት ፊልተር ቶሎ ስለሚጠቁር፣ ኤሲው ያለ ዕረፍት በሚሠራባቸው ወራት በየወሩ ማየት ይገባል። አየር ወደ ፈርነሱ የሚመለስበት ትልቁ ፍርግርግ በሶፋ ወይም በመጋረጃ አለመሸፈኑን፣ በየክፍሉ ያሉት የአየር መውጫዎችም አለመዘጋታቸውን ያረጋግጡ።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያየው ነው፤ ባለሙያዎችም ሳይቀሩ ያልፉታል። ፈርነሱ ላይ ለክረምት ድርቀት እርጥበት የሚጨምር ሂውሚዲፋየር ከተገጠመ፣ ከጎኑ ወጥቶ ቀዝቃዛ አየር የሚወጣበትን ትልቅ የቆርቆሮ ቦይ ከመመለሻው ቦይ ጋር የሚያገናኝ ክብ ቧንቧ ይፈልጉ። በዚያ ቧንቧ ላይ «ሰመር» እና «ዊንተር» የሚል ትንሽ እጀታ ይኖራል። እጀታው «ዊንተር» ላይ እንደ ሆነ ኤሲው ከተበራ፣ የቀዘቀዘው አየር ከፊሉ ወደ ፎቁ ሳይወጣ በአቋራጭ ተመልሶ ወደ ኮይሉ ይገባል፤ ፎቁ ይሞቃል፣ ኮይሉም ይረጋል። እጀታውን ወደ «ሰመር» አዙረው፣ ወደ ሂውሚዲፋየሩ የሚሄደውን የውኃ መዝጊያ ይዝጉ።

ውኃውን በተመለከተ፣ ከኮይሉ ሥር የሚወጣው ነጭ የፕላስቲክ ቧንቧ በሻጋታ ይደፈናል። ከላይ ያለውን ክዳኑን ከፍተው አንድ ስኒ ነጭ ኮምጣጤ ያፍስሱ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ንጹሕ ውኃ ጨምረው በሌላው ጫፍ መውረዱን ይመልከቱ።

የውጭውን ማሽን ከመንካትዎ በፊት ግድግዳው ላይ ባለው ማጥፊያ ኤሌክትሪኩን ይቁረጡ። የክረምት ሽፋን ካለው ያንሡ፤ ዙሪያውን በሁለት ጫማ ያህል ከቅጠልና ከቁጥቋጦ ያጽዱ፤ በተራ የአትክልት ቱቦ በቀስታ ይጠቡት። በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ማሽን ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎቹን ያጣምማቸዋል። የኤሌክትሪክ ክፍሉን ክዳን ግን አይክፈቱ፤ ውስጡ ያለው ካፓሲተር ኤሌክትሪኩ ከተቋረጠም በኋላ ሰው ሊጎዳ የሚችል ኃይል ይይዛል።

ከዚያም የውጭው ሙቀት ከ65 ዲግሪ ፋራናይት ባለፈ ቀን ኤሲውን ያብሩ፤ ሩብ ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ በመመለሻው ፍርግርግና ለፈርነሱ በሚቀርበው መውጫ ላይ የአየሩን ሙቀት በቴርሞሜትር ይለኩ። ልዩነቱ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ከሆነ ሥራው ደህና ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ አየሩ አሁንም ያንሳል፤ ምናልባት ኮይሉ ራሱ ቆሽሾ ባለሙያ ሊያጥበው ያስፈልጋል። ከዚያ በታች ሆኖ ቧንቧው ከጋገረ ግን የጋዝ መፍሰስ ያጠራጥራል።

ያን ጊዜ የሚጠሩት ባለሙያ የማቀዝቀዣ ጋዝ ለመንካት የፌዴራል ሕግ የሚጠይቀው የምስክር ወረቀት ያለው መሆኑን ይጠይቁ፤ የሚያፈሰውን ቦታ ፈልጎ እንዲያሳይዎም ያስገድዱ። ማሽንዎ አር-22 በሚባለው የማቀዝቀዣ ጋዝ የሚሠራ አሮጌ ከሆነ፣ ያ ጋዝ ከ2020 ጀምሮ በአሜሪካ እንደ አዲስ አይመረትም፣ ከውጭም አይገባም፤ ስለዚህ ኮይሉ የሚያፈስ ከሆነ መሙላቱን ትተው ማሽኑን መቀየር ይሻላል። በረዶ ከጋገረ ደግሞ ባለሙያው ከመምጣቱ ብዙ ሰዓት ቀድመው ማቀዝቀዣውን አጥፍተው ማራገቢያውን ብቻ «ኦን» ላይ ይተዉት፤ በረዶው ሳይቀልጥ የሚለካው የጋዝ ግፊት ትክክለኛውን አያሳይም።