መልስ፦ የ3 ሳምንት ልጄ ዓይኑ አይከተለኝም

እህቴ፣ እንኳን በሰላም ተገላገልሽ። የ3 ሳምንት ልጅሽ ዓይኑ እንደማይከተልሽ፣ ገና እንዳልሳቀልሽና አማትሽ «ቅቤ ይዋጥ» እንዳሉ ነው የጻፍሽው።

ዓይኑ አያሳስብሽ። በዚህ ዕድሜ ደህና አድርጎ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ቅርበት ያለውን ነው። ጡት ስታጠቢው ፊትሽ ያለው እዚያ ርቀት ላይ ነው፤ ስለዚህ እዚያው እቅፍሽ ውስጥ አዋሪው። ፊትሽን ቀስ ብለሽ ወደ ጎን ስትወስጂው ትንሽ ይከተልሽና ይጠፋበታል። ለአሁኑ ይበቃል። በእንቅልፍ ልቡ ፈገግ ሊል ይችላል፤ አይቶሽ የሚስቀው ግን ከ6 እስከ 8 ሳምንት አካባቢ ነው። በር ሲዘጋ እጁን ዘርግቶ መበርገጉም ጤናማ ነው።

ቅቤውን ግን በአክብሮት እምቢ በይ። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ፤ ውሃም ቢሆን አይጨመርም። በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጥባ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደቱ ይቀንስና በ2 ሳምንት ገደማ ወደ ተወለደበት ይመለሳል። ጤና ጣቢያ ወስደሽ አስመዝኚው።

የጅማ ዝናብ ሲበረታ ቤት ውስጥ ከሰል አታቀጣጥዪ። ነቅተሽ ሳለሽ ራቁቱን ደረትሽ ላይ አድርገሽ ጋቢ ደርቢበት።

መጥባት ካቆመ፣ ትኩሳቱ 37.5 ከደረሰ፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ እትብቱ መግል ከያዘ፣ መዳፉና የውስጥ እግሩ ቢጫ ከሆነ ግን ባጃጅ ይዘሽ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሂጂ። እስኪነጋ አትጠብቂ።