ለጡረተኛ አባታችሁ ቡችላ ከመውሰዳችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ጡረታ ለወጡ አባት ወይም ብቻቸውን ለቀሩ እናት ቡችላ አቅፎ መሄድ የፍቅር ሥራ ይመስላል። የሁለት ወር ቡችላ ግን ሽንቱን ከሁለትና ከሦስት ሰዓት በላይ አይዝም። ሌሊት ያስነሳል፣ ጥርሱን ሲያሳክከው እጅ ይነክሳል፣ እግር ሥር ይርመሰመሳል። በእርጅና ቆዳ ይሳሳል፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሚወስድ ሰው የቡችላ ጭረት ቀላል አይደለም። ተደናቅፎ መውደቅማ የባሰ ነው።

ዐዋቂ ውሻ ፈልጉ፤ ከ3 እስከ 7 ዓመት ያለው፣ ጠባዩ የለየለት። ለመራመድ ለሚቸገሩ ደግሞ ድመት ትሻላለች። ውሻ እንደ ዝርያው ከ10 እስከ 13 ዓመት ገደማ ይኖራል፣ ቤት የምትውል ድመት ከ12 እስከ 18 ዓመት። ትልልቆቹ በቀቀኖች ከባለቤታቸው በኋላም ይቀራሉ። ይህን ሒሳብ አብራችሁ ተነጋገሩበት። ከልጆቻቸው ይልቅ አዛውንቶቹ ስለ ሞት ማውራት አይከብዳቸውም።

እንስሳ የሚጠቅመው ስለሚታቀፍ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የደቡብ ኮሪያ ጥናት ለአረጋውያን የሰጠው ውሻ አልነበረም፤ ሌሊት የሚጮኹ አምስት የፌንጣ ዘመዶችን ነበር። ለስምንት ሳምንት የተንከባከቧቸው ሰዎች ድብርታቸው በመጠኑ ቀነሰ። እንዲህ ያለው ነፍሳት አይታቀፍም፣ ሲጠሩትም አይመጣም። ጠዋት ግን ውሃ የሚሰጠው ሰው ይፈልጋል።

ስለዚህ ሥራውን አትንጠቋቸው። «አባባ ይቀመጡ፣ እኔ አበላዋለሁ» የምትለዋ ደግነት ነገሩን ሁሉ ታፈርሰዋለች። ማብላቱ፣ ውሃ መቀየሩ፣ ማበጠሩ፣ ይዞ መውጣቱ የእሳቸው ይሁን። የእናንተ ድርሻ ሥራውን ለአቅማቸው ማመቻቸት ነው። የ15 ኪሎ የምግብ ከረጢት ማንሳት ስለማይችሉ ክዳን ባላቸው ዕቃዎች ሁለት ሁለት ኪሎ አድርጋችሁ ገልብጡላቸው። እንዳያጎነብሱ ሳህኑን ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ አድርጉት። የድመቷ የአሸዋ ሳጥንም ጉልበት በሚደርስ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ ካላረጀች መዝለሉ አይከብዳትም። አንገቷ ላይ ትንሽ ቃጭል እሰሩ፣ እግር ሥር ስትመጣ ይሰማቸዋል። የውሻውን ገመድ እጅ ላይ መጠምጠም ጣት ይሰብራል፤ ውሻው በድንገት ሲፈተለክ ጥምጥሙ ይጠብቃልና። ገመዱ በመዳፍ ይያዝ፣ ከባሰም ይለቀቅ። ከአንገት ማሰሪያ ይልቅ በደረት ዙሪያ የሚታሰረው፣ በተለይ የገመዱ ቀለበት ከፊት የሆነው፣ ጉተታውን ይቀንሳል።

አሸዋው በየቀኑ ይጸዳ። ቶክሶፕላዝማ የተባለው ጥገኛ ተውሳክ ከድመቷ ዓይነ ምድር ጋር ከወጣ በኋላ ሰው ለመበከል ቢያንስ አንድ ቀን ይፈጅበታል፣ ስለዚህ ቶሎ የሚጣል አያሰጋም። ነፍሰ ጡር የሆነች ልጅ ግን ለማገዝ ብላ እንኳ አትንካው።

ቤት ውስጥ በብዛት የሚበላሸው አመጋገቡ ነው። አዛውንት ፍቅራቸውን በጉርሻ ይገልጻሉ፣ ውሻውም እምቢ አይልም። ጎድኑን ዳስሱት፤ አጥንቱ በቀላሉ ለእጅ ካልተሰማ ወፍሯል። የቀኑን ምግብ ጠዋት ይለኩና አንድ ዕቃ ውስጥ ያኑሩት፣ ጉርሻውም ከዚያው ይውጣ። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቸኮሌት፣ ወይንና ዘቢብ ጨርሶ አይሰጡ። ከእነዚህ የሚብሰው ወለል ላይ የወደቀ ኪኒን ነው። አንዲት ፍሬ ፓራሲታሞል ድመት ልትገድል ትችላለች፤ አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራ ያደማል፣ ኩላሊቱን ይጎዳል። መድኃኒታቸውን ጠርዙ ከፍ ያለ ትሪ ላይ ይቁጠሩት፣ የወደቀውም እንዲታይ።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በሦስት ወር ዕድሜ ይጀመራል፣ ከዓመት በኋላ ይደገማል፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ክትባቱ ዓይነት በየዓመቱ ወይም በየሦስት ዓመቱ። ቀኑን የምትይዙት እናንተ ናችሁ። የሚያጠራጥር ንክሻ ሲያጋጥም ቁስሉ በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይታጠብ፣ በዚያው ቀንም ሐኪም ቤት ይኬድ። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል።

ስትጠይቋቸው እንስሳውንም ልብ በሉ። የደረቀ የውሃ ሳህን፣ ያደገ ጥፍር፣ በድንገት የከሳ ወይም ሁለቴ እየተመገበ የወፈረ ድመት ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ባለቤቱ ነው፤ መርሳት ጀምረዋል፣ ጉልበታቸው ደክሟል፣ ወይም ገንዘብ አጥሯቸዋል። ከራሳቸው ማዕድ ቀንሰው ለእንስሳው የሚሰጡም አሉ። «ውሻውን ለማን ትቼ?» ብለው ሕክምና የሚያዘገዩም እንዲሁ። ይህኛው መፍትሔ አለው። እንስሳውን የሚረከቡ ሁለት ሰዎች ስም፣ የምግቡ ልክ፣ የክትባቱ ቀንና የእንስሳት ሐኪሙ ስልክ በትልቅ ፊደል ተጽፎ በር ላይ ይለጠፍ። ሁለቱም ሰዎች አስቀድመው እሺ ያሉ ይሁኑ።

እንስሳው ሲሞት በማግስቱ ሌላ ይዛችሁ አትድረሱ። ሳህኑንም አታንሱት፤ ራሳቸው ሲያነሱት ይነሳ።