የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ለትምህርት ቤት ችግኝ ውሃው ከየት ይምጣ?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ ያለ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አባላት ነን። አምና ሐምሌ ላይ ግቢያችን ውስጥ 150 ችግኝ ተከልን። መስከረም ላይ ስንመለስ አብዛኛው ለምልሞ ጠበቀን፤ ጥር ሲገባ ግን የቀረው 20 አይሞላም ነበር። ዘንድሮ ወላጅ ኮሚቴው የጣሪያ ውሃ የምናጠራቅምበት ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ ሊገዛልን ቃል ገብቷል። የመማሪያ ሕንፃው 25 ሜትር በ8 ሜትር ነው፤ አሸንዳ ማሠራት የምንችለው በአንድ ጎን ብቻ ነው። የተማሪው ብዛት 600 ነው። ሮቶው ለ150 ችግኝ ይበቃናል? ምን ዓይነት ዛፍስ ይሻላል?
የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች

መልስ፦ አይበቃችሁም። ሮቶውን ግን እንዳትመልሱት፤ ሌላ ሥራ አለው።

ሒሳቡን እንየው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። አሸንዳው በአንድ ጎን ከሆነ የምትይዙት የጣሪያውን ግማሽ ብቻ ነው፤ 25 በ4፣ 100 ካሬ ሜትር። ብዙ ክበብ እዚህ ላይ ይሳሳትና ሙሉውን ጣሪያ ይቆጥራል። ስፋቱም የሚለካው መሬት ላይ ነው እንጂ በቆርቆሮው ተዳፋት አይደለም። የሚረጨውና የሚተነው ሲቀነስ ከ10 ሚሊ ሜትር ዝናብ 800 ሊትር ገደማ ይገኛል፤ ሮቶው እንዲሞላ 60 ሚሊ ሜትር ያህል ይፈልጋል። ይህን ድሬዳዋም ላይ ታገኙታላችሁ። ችግሩ ያለው ከሞላ በኋላ ነው። በድሬ ሙቀት አንድ ችግኝ በመጀመሪያው ዓመት በሳምንት ሁለቴ አሥር አሥር ሊትር ይፈልጋል። 150 ችግኝ በሳምንት 3,000 ሊትር ይጠጣል ማለት ነው፤ ሙሉ ሮቶ ሁለት ሳምንት እንኳ አያደርሰውም። ክረምቱ መስከረም ላይ ከወጣ በኋላ ደግሞ በልግ እስኪገባ፣ እስከ መጋቢት ድረስ፣ የሚያስተማምን ዝናብ የለም። ችግኞቻችሁ ያለቁት በዚህ መሐል ነው።

ስለዚህ ቁጥሩን ወደ 30 አውርዱት። ለፎቶ አያምርም፤ ግን ይጸድቃል። 30 ችግኝ በሳምንት 600 ሊትር ይበቃዋል፤ ይህንንም ከጥቅምት እስከ የካቲት የሚሰጣችሁ የእጅ መታጠቢያችሁ ነው። 600 ተማሪ በቀን ግማሽ ግማሽ ሊትር ቢታጠብ 300 ሊትር፣ በአምስት የትምህርት ቀን 1,500 ሊትር ይሆናል። ቧንቧው በፈረቃ እየመጣ ግማሹ ቢቀር እንኳ 750 ሊትር አላችሁ። ከሁሉ የሚሻለው ጊዜው መገጣጠሙ ነው፤ የመታጠቢያው ውሃ የሚፈሰው ተማሪ ባለበት፣ ዝናብ በሌለበት ወራት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ዝናቡ ይተካል። ክፍተቱ ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሰኔ መጨረሻ ነው፤ በልጉ አልፏል፣ ሙቀቱ የዓመቱ ክፉ ሙቀት ነው፣ ተማሪውም በፈተና ተይዞ ቆይቶ ይበተናል። የሮቶው ሥራ ያኔ ነው። በበልግ ዝናብ ሙሉትና ቧንቧውን ቆልፉት፤ እስከ ግንቦት አጋማሽ ማንም አይንካው። 600 ሊትር በሳምንት ብታወጡ ስምንት ሳምንት ያቆያችኋል። ቁልፉም ለዕረፍት ወደ ገጠር በሚሄድ ልጅ እጅ ሳይሆን በዘበኛው እጅ ይሁን።

የመታጠቢያውን ውሃ ለመውሰድ ቱቦ ከመግዛታችሁ በፊት ለሁለት ሳምንት በባልዲ ተቀብላችሁ በቀን ስንት ሊትር እንደሚወጣ መዝግቡ። ቁጥሩ ካጠገባችሁ ከገንዳው ማውጫ ባለ 50 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቱቦ አውጡና በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር እያዘቀዘቃችሁ ዘርጉት። ዝቅ ማለቱ ካነሰ አረፋውና ቅባቱ ቱቦው ውስጥ ይጋገራል። ቱቦው መጀመሪያ የሚገባው ክዳን ባለው 20 ሊትር ባልዲ ውስጥ ነው። ባልዲው ከሥሩ በጠጠር፣ ከላዩ በሽቦ ወንፊት ተዘጋጅቶ የምግብ ፍርፋሪና ፀጉር ያስቀራል፤ በየዓርቡ ካልታጠበ ግን በሁለተኛው ሳምንት ይደፈናል። ከዚያ በኋላ ውሃው በሁለት መዝጊያ ቧንቧ ይከፈል፤ ሰኞና ረቡዕ አንዱ ረድፍ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ሌላው ረድፍ ይጠጣል። ዓርብ የመጠባበቂያ ቀን ነው።

ጥቃቅን ቀዳዳ ያለውን የጠብታ መስኖ ቱቦ አትግዙ። የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚሠራ ውሃ ነው፤ እነዚያን ቀዳዳዎች ይደፍናቸዋል። በዛፉ ዙሪያ ግማሽ ሜትር ራዲየስ ያለው፣ ጠርዙ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ የአፈር ሳህን ይበቃል። መታጠቢያው ላይ ደረቅ ሳሙና ይቀመጥ እንጂ የዱቄት ሳሙና አይሁን፤ የዱቄቱ ጨው አፈሩን ያደርቀዋል። ቅጠሉ ጫፍ ጫፉን እየተቃጠለ ቡናማ ሲሆን ካያችሁ የጨው ምልክት ነው፤ ለሁለት ሳምንት ንጹህ ውሃ አጠጡት። ይህ ውሃ ለዛፍ ሥር ነው፤ በጥሬው ለሚበላ ሰላጣም ሆነ ቲማቲም አይሆንም።

ወደ ሮቶው እንመለስ። 5,000 ሊትር ውሃ 5 ቶን ነው። ብሎኬት ደርድሮ ወይም በእንጨት ቆጥ ላይ ማስቀመጥ አደጋ አለው። መሬቱ ተጠቅጥቆ፣ በድንጋይ ግንብ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ተደርጎ፣ ከላዩ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ኮንክሪት ይፈሰስበት፤ ባልዲ ከቧንቧው ሥር የሚገባውም ያኔ ነው። አሸንዳው በየ2 ሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ይውረድ፤ በ25 ሜትር 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ማንጠልጠያው በየ80 ሴንቲ ሜትሩ ካልሆነ በአንድ ዶፍ ይጎብጣል፤ የድሬ ዝናብ ደግሞ ሲመጣ በአንዴ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ስለሚወርድ የመጀመሪያው 100 ሊትር ወደ ጎን ይውጣ። ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚገጠመው ባለ 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ በ3 ሜትር ርዝመት 25 ሊትር ያህል ብቻ ስለሚይዝ አይበቃም፤ አሮጌ በርሜል ይሻላል። ውሃው ለዛፍ እንጂ ለመጠጥ ስላልሆነ ያን ያህል አትጨነቁ፤ ደለሉ ግን ሮቶውን ከሥር እየሞላ ቧንቧውን ይዘጋል።

አንድ ነገር ላይ ግን ቸል አትበሉ፦ ትንኝ። ድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. ደንጊ፣ በ2011 መጨረሻ ቺኩንጉንያ፣ በ2014 ደግሞ የወባ ወረርሽኝ ገብቶባታል። ደንጊና ቺኩንጉንያ የምታስተላልፈው ትንኝ በበርሜልና በሮቶ ውሃ ትራባለች። ለ2014ቱ ወባ ምክንያት የሆነችው አኖፌለስ ስቴፈንሲም የከተማ ውሃ ማጠራቀሚያ የምትወድ ናት። ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃል። ስለዚህ የሮቶው መግቢያም ሆነ የትርፍ ውሃ መውጫው በአጎበር ጨርቅ እጥፍ ተደርጎ በሽቦ ይታሰር፤ በርሜሉም ከየዝናቡ በኋላ ይገለበጥ። የመታጠቢያው ውሃ ተጠራቅሞ ማደር የለበትም፤ ዛፉ ሥር ያለው ሳህንም በሰዓታት ውስጥ ካልመጠጠ ውሃው በዝቷል።

ዛፉን በተመለከተ፣ ከ30ው 20ው ኒም፣ ቀሪው ሽፈራው ቢሆን ደስ ይለናል። ኒም የድሬን ሙቀት የለመደ፣ ጥላው ሰፊ ነው። በየ6 ሜትሩ ይተከል፤ ከግድግዳ 4 ሜትር ይራቅ። ፕሮሶፒስ ያለ ውሃ ይጸድቃል ብሎ የሚመክራችሁ ካለ አትስሙት፤ ወራሪ ነው። ጉድጓዱ 50 በ50 በ50 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ቀደም ብሎ ይቆፈር። የላይኛውን አፈር ለይታችሁ፣ ሦስት እጁን ከአንድ እጅ ብስባሽ ጋር ቀላቅላችሁ መልሱት። ፕላስቲኩን ሙሉ በሙሉ ቅደዱት። በዘመቻ የተተከለ የደረቀ ችግኝ ነቅላችሁ ብታዩ ፕላስቲኩ ከነሥሩ ተጠቅልሎ ያገኛችሁታል። በሥሩ ዙሪያ 8 ሴንቲ ሜትር ጉዝጓዝ ይነጠፍ፤ ግንዱን ግን አይንካ። ፍየል ደግሞ አጥር ከሌለ ሥራችሁን በአንድ ከሰዓት ትጨርሰዋለች።

ጥያቄ፦ የክበብ ተጠሪ መምህር ነኝ። ከትምህርት ቤታችን አጠገብ የጫት ተራ ስላለ ገራባው በየቀኑ ይከመራል። ከሻይ ቤታችን ተረፈ ምርት ጋር ቀላቅለን ብስባሽ ብንሠራበት ምን ይመክሩናል? ባለፈው የሞከርነው ክምር ሦስት ወር ቆይቶ ደረቅ ገለባ ሆኖ ቀረ።
ከድሬዳዋ

መልስ፦ መምህር፣ ክምሩ የደረቀው በገራባው ጥፋት ሳይሆን በውሃ እጦት ይመስለናል። በድሬ ፀሐይ ከመሬት በላይ የተከመረ ነገር ከመበስበሱ በፊት ይደርቃል። 1 ሜትር በ1 ሜትር፣ ጥልቀቱ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ በዛፍ ጥላ ሥር ያስቆፍሩ፤ አፉን በእርጥብ ጆንያ ይሸፍኑ። ከውስጡ አንድ እጅ አውጥተው ሲጨምቁት ጠብ ጠብ ካለ በቂ ነው፤ ከፈሰሰ በዝቷል፤ ምንም ካልወጣ ደርቋል።

ገራባው ቅጠሉ ቶሎ ይበሰብሳል፤ እንጨቱ ግን ከ5 ሴንቲ ሜትር በታች ካልተከተፈ ዓመትም አይበቃው። ጫት ላይ ፀረ ተባይ የሚረጭበት አጋጣሚ ስላለ፣ ከገራባ የተሠራ ብስባሽ ለዛፍ እንጂ ለጓሮ አትክልት ባይሆን ይመረጣል። በግልጽ ለመናገር ደግሞ ተማሪ በጆንያ ገራባ ተሸክሞ ከጫት ተራ ሲመላለስ ወላጅ ቢያይ ፕሮጀክቱ በአንድ ስብሰባ ይዘጋል። የሻይ ቅጠል፣ የቡና አተላ፣ የአትክልት ልጣጭ፣ የተቀደደ ካርቶንና የፍየል በጠጥ ይበቃዎታል። በመጠን ሁለት እጅ ደረቅ፣ አንድ እጅ እርጥብ ያድርጉት። ዘይትና ጨው ያለበት የወጥ ትርፍ አይግባ፤ አይጥ ይጠራል። የኒም ቅጠልም ከበዛ መበስበሱን ያዘገየዋል።

በየሁለት ሳምንቱ ይገላበጥ። መሥራቱን ለማወቅ አንድ ፌሮ መሐሉ ይሰኩና ከ10 ደቂቃ በኋላ ያውጡት፤ ለመያዝ የሚያስቸግር ከሆነ ሥራው ጥሩ ነው። ለብ ካለ በጠጥ ይጨምሩ፤ ከሸተተ ካርቶን ይጨምሩና ያገላብጡት። በሦስት፣ አራት ወር አፈር አፈር ሲሸት ደርሷል።

ጥያቄ፦ እኛ ሐረር ነን። ለድሬዳዋ የምትመክሩት ለኛም ይሠራል?

መልስ፦ አሠራሩ ይሠራል፤ ዛፉና መጠኑ ይለያል። ሐረር ከድሬዳዋ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ ቀዝቀዝ ስለሚል የሳምንቱ ውሃ በግማሽ ይቀንስ። ኒሙን ተዉትና ወይራ፣ ዋንዛ ወይም ግራቪሊያ ትከሉ።

ጥያቄ፦ ለሳይንስ ኤግዚቢሽን የፀሐይ ኃይል ማሳያ ልንሠራ አስበን ነበር፤ ገንዘብ የለንም። ያለ ገንዘብ የሚሠራ፣ በቁጥር የሚታይ ነገር ካለ ንገሩን።
የ10ኛ ክፍል ተማሪ

መልስ፦ የሚያንጠባጥቡ ቧንቧዎችን ቁጠር። በሴኮንድ አንድ ጠብታ የሚጥል ቧንቧ በቀን 20 ሊትር ያህል ያባክናል፤ እንዲህ ያለ አሥር ቢገኝ በቀን አንድ በርሜል ውሃ ነው። አብዛኛው ጎሚኒው ሲቀየር ይድናል። ለማስረጃ፣ ዓርብ ሁሉም ሰው ከወጣ በኋላ ወደ ትምህርት ቤቱ ሮቶ የሚገባውን መስመር በዘበኛው ፊት ዝጋና የውሃውን ጥልቀት በረጅም ዘንግ ለካ፤ ሰኞ ጠዋት ቧንቧ ሳይከፈት ድገመው። ዲያሜትሩ 1.8 ሜትር በሆነ ሮቶ 1 ሴንቲ ሜትር ጎደለ ማለት 25 ሊትር ሄደ ማለት ነው። ጎሚኒዎቹ ከተቀየሩ በኋላ በሚቀጥለው ዓርብ ያንኑ ለካ፤ ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲጻፉ ኤግዚቢሽኑ ተሠራ። ቧንቧዎቹ ሁሉ ደህና ሆነው ውሃው አሁንም የሚጎድል ከሆነ ሽንት ቤቱን ተመልከት፦ የውሃ ማጠራቀሚያው ውስጥ ትንሽ ጥቁር ቡና ጨምረህ ግማሽ ሰዓት ጠብቅ፤ ሳይለቀቅ መቀመጫው ውስጥ ቀለሙ ከታየ የሚያፈሰው እሱ ነው።